የጃፓን ፍል ውሃ ማረፊያ ሲሠራ፦ ባህላዊ ሙያን ከዘመናዊ ሕንፃ ሲያዋህዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሪዮካን የሚባሉት የጃፓን ባህላዊ ማረፊያዎች ብዙዎቹ ፍል ውሃ ዳር ናቸው። ድሮ የእንጨት ቤቶች ነበሩ። ዛሬ አርማታ፣ ብረትና መስታወት ገብቶባቸዋል። ቅልቅሉ ሲሳካ ዓይን ያፈዛል። ሲበላሽ ግን ለፊልም ቀረጻ የቆመ የውሸት ቤት ይመስላል።

ሕንፃው ካለቀ በኋላ ባለሙያ መጥራት

የከፋው ስህተት ይሄ ነው። አርክቴክቱ ነድፎ ይጨርሳል፣ ኮንትራክተሩ አርማታውን ያቆማል፣ ከዚያ ፊኒሺንግ ላይ የእንጨት ፍርግርግ ይለጠፋል። እንግዳው ስለ አናጢነት ምንም ባያውቅ እንኳ ልጥፍ መሆኑ ያስታውቀዋል።

ተቃራኒውን ማየት የፈለገ በያማጋታ ግዛት፣ ጊንዛን ኦንሰን በተባለው የፍል ውሃ መንደር ያለውን ፉጂያ የተባለ ሪዮካን ይመልከት። አርክቴክቱ ኬንጎ ኩማ ዕድሜ ጠገቡን ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤት አስፈትቶ፣ የቀድሞውን እንጨት መልሶ እየተጠቀመ እ.ኤ.አ. በ2006 እንደገና አቆመው። ውስጡን የሚከፋፍለው 4 ሚሊሜትር ስፋት ባላቸው የቀርከሃ ስንጥቆች የተሠራ ስስ ግርዶሽ ነው። ቀርከሃው ክፍል ከክፍል ይለያል፣ ብርሃንም ያጣራል። አንስተው ቢጥሉት ቤቱ ቤት አይሆንም። እዚህ ለመድረስ ቀርከሃ ሰንጣቂው ፕላኑ ሲነደፍ ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ አለበት።

ውሃውን ሳያውቁ ዕቃ መምረጥ

ፍል ውሃ ሁሉ አንድ አይደለም። ኩሳትሱ የተባለችው የጃፓን የፍል ውሃ ከተማ ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 2 አካባቢ ነው፣ ማለትም በጣም አሲዳማ ነው፤ የብረት ሚስማር በልቶ ያሳሳል። ድኝ ያለበት ውሃ ደግሞ በእንፋሎቱ ብቻ መዳብና ነሐስ ያጠቁራል። የሚያብረቀርቀው የነሐስ ቧንቧ ካታሎግ ላይ ያምራል፤ እዚያ ቦታ ግን ብዙ አይቆይም። ኤሲና ቴሌቪዥንም ቢሆኑ ከዚህ ጋዝ አያመልጡም። የድሮዎቹ ሰዎች በእንጨትና በድንጋይ የሠሩት ለውበት ብቻ አልነበረም።

እግረ መንገዴን፦ ኩሳትሱ ውስጥ በጣም የሚያቃጥለውን ውሃ በረጅም ሳንቃ እያማሰሉ ያበርዱታል። ቀዝቃዛ ውሃ ቢጨምሩበት ይቀጥናላ!

እንጨትን እንደ ሴራሚክ መቁጠር

ለገንዳ የሚወደደው ሂኖኪ የፈረንጅ ጥድ ዘመድ ነው፤ ሽታው ደስ ይላል፣ እርጥበትም ይችላል። ግን ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በሲሊኮን ከብረት ጋር ጥርቅም አድርገው ካሰሩት ይሰነጠቃል። ጥሩ አናጢ መላወሻ ይተውለታል። የእንጨት ገንዳ ለረጅም ጊዜ ባዶውን ከቆየ መጋጠሚያው ይከፈትና ያፈሳል። የገንዳ ክፍል ግድግዳም ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ሂኖኪ ቢሆን ይመረጣል። ሁልጊዜ ውሃ የሚረጨው ታችኛው ነውና።

መስኮቱን ለቆመ ሰው መሥራት

ታታሚ ከደንገል መሰል ሣር የሚሠራ ምንጣፍ ነው። ሰው መሬት ላይ ይቀመጥበታል። ስለዚህ ከመስኮቱ የሚታየው ሁሉ ከተቀማጭ ዓይን መለካት አለበት። አርክቴክቱ ኮምፒውተር ላይ በቆመ ሰው ቁመት ሲያየው ተራራው ወለል ብሎ ይታያል። እንግዳው ሻዩን ይዞ ሲቀመጥ ግን ፊቱ የሚደቀነው የመስኮቱ ደፍ ነው። አልጋና ወንበር ይግባ ከተባለም ዝቅ ያለ ይሁን።

መብራት ማብዛት

ሾጂ የሚባለው በወረቀት የተሸፈነ ተንሸራታች በር ብርሃን ለማለዘብ የተሠራ ነው። ጣሪያው ላይ ደርዘን ስፖት ላይት ከደረደሩ በሩን ባይሠሩት ይሻላል።

የእድሳት በጀት መርሳት

የታታሚ ፊት ሲያረጅ ይገለበጣል፣ ቆይቶም ይቀየራል። የሾጂ ወረቀት ይቀደዳል፣ እንደገና ይለጠፋል። ለዘለቄታው ተብሎ ሁሉም በፕላስቲክ ሲተካ ክፍሉ ሽታው ሳይቀር ይጠፋል። አሠሪው ከመጀመሪያው ከአናጢው፣ ከታታሚ ሠሪውና ከልስን ባለሙያው ጋር የጥገና ውል ቢያስር ይሻለዋል። ሰበር ያለውን የሂኖኪ ሳንቃ ብቻ ነጥሎ ለመቀየር የመጀመሪያውን መጋጠሚያ የሠራውን እጅ የሚያህል የለም።