ሀዋሳን ከመልቀቅ በፊት፦ በበጎ ፈቃድ ላገለገሉ ጡረተኛ ባልና ሚስት የስድስት ሳምንት ሥራ

ከውጭ አገር መጥተው በሀዋሳ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም ቤተ መጻሕፍት ያገለገሉ ባልና ሚስት የመመለሻቸው ጊዜ ሲቃረብ አብዛኛውን ጊዜ ከሻንጣ ይጀምራሉ። ሻንጣ በሁለት ቀን ያልቃል። ጊዜ የሚበላው ለዓመት ሁለት ዓመት የያዙትን ሥራ ለባለቤቱ መልሶ ማስረከብ ነው፤ ለዚያ ስድስት ሳምንት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ቀኑን አስተካክሉ። ትኬታችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የቤት ኪራይ ውላችሁና የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ በእኛ አቆጣጠር ነው። ጁላይ 5 ማለት ሰኔ 28 ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ። ሰዓቱ ደግሞ የባሰ ያሳስታል። ትኬቱ ላይ ጁላይ 5፣ 00፡30 ከተባለ በረራው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው፤ ስለዚህ ቦሌ የምትደርሱት ጁላይ 4፣ ማለትም ሰኔ 27፣ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ አንድ ቀን ዘግይተው የሚሄዱና አውሮፕላኑ የሚያመልጣቸው አሉ። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሆናችሁ ቢጫ ካርድ ካላችሁ ቪዛ አያስፈልጋችሁም። ከሁለት አንዳችሁ በቪዛ ወይም በመኖሪያ ፈቃድ የገባችሁ ከሆነ ግን የሚያልቅበትን ቀን አሁኑኑ እዩ፤ ያለፈበት ሰው ቅጣት ከፍሎ ነው የሚወጣው፤ ያ ደግሞ በመጨረሻው ቀን የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

የምትሄዱት በሰኔ መጨረሻ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። በወሩ ሁለተኛ አጋማሽ ፋይናንስ ሒሳብ ይዘጋል፣ ንብረት ክፍል ቆጠራ ላይ ይሆናል፣ መምህራን የፈተና ወረቀት ያርማሉ። ፊርማና ማኅተም የሚፈልግ ነገር ሁሉ እስከ ሰኔ 15 ካላለቀ በእንጥልጥል ይቀራል።

ሥራውን ማስረከብ

ልትሄዱ ስድስት ሳምንት ሲቀራችሁ ሁለታችሁ አንድ ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡና በሳምንት ውስጥ የምትሠሩትን ሁሉ ጻፉ፤ ትንሿንም ጭምር። የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ማን ይይዛል? ፕሪንተሩ ቀለም ሲጨርስ ማን ይገዛል፣ ከየት? የጤና ጣቢያው አውቶክሌቭ (የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክነው ማሽን) ጎማ ሲያረጅ ማን ያውቃል? ከእያንዳንዱ ሥራ ፊት ለፊት ከእናንተ ሌላ ይህን የሚችል ሰው ስም አስፍሩ። ስም ያጣችሁለት ሥራ የቀሪዎቹ ሳምንታት ሥራችሁ ነው።

ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለት ሰው አዘጋጁ። ክረምት የመምህራን ዝውውር የሚመጣበት ጊዜ ስለሆነ አንድ ሰው ብቻ ካሠለጠናችሁ መስከረም ላይ ሌላ ወረዳ ልታገኙት ትችላላችሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እናንተ ትሠራላችሁ፣ እነሱ ያያሉ፤ በሁለተኛው እነሱ ይሠራሉ፣ እናንተ አጠገባቸው ትቀመጣላችሁ። እዚህ ላይ የሚከብደው እጅን መሰብሰብ ነው። ለአርባ ዓመት በሙያው የኖረ ሰው ስሕተት ሲያይ እጁ ቀድሞት ይሄዳል። እጃችሁን ከዘረጋችሁ ግን ሠልጣኙ የኮምፒውተሩን መዳፊት (ማውስ) ይለቅላችኋል፤ ከአክብሮት የተነሳ ነው፤ ትምህርቱም እዚያው ይቆማል። በሦስተኛው ሳምንት ከክፍሉ ውጡ። በአራተኛው ወንዶ ገነት ወይም ይርጋለም ሄዳችሁ ሦስት ቀን ቆዩ፤ ስልክ አታንሱ። ስትመለሱ የቆመውን፣ የተበላሸውን፣ የተቆለፈውን ሁሉ መዝግቡ። ያ ዝርዝር እናንተ ስትሄዱ የሚሆነውን በትክክል ያሳያል፤ ለማስተካከልም ገና ሁለት ሳምንት አላችሁ።

መመሪያ ስትጽፉ ለአንድ መሣሪያ ከአንድ ገጽ አትለፉ፤ በአማርኛ፣ ቢቻል አንድ ባልደረባ በሲዳምኛ መልሶት፣ ላሚኔት ተደርጎ መሣሪያው አጠገብ ይለጠፍ። ፋይል ውስጥ የገባ መመሪያ አይነበብም።

የይለፍ ቃል ጉዳይ ለብቻው ግማሽ ቀን ይፈልጋል። የትምህርት ቤቱን ኢሜይል ወይም ገጽ በራሳችሁ ስልክ ቁጥር ከፍታችሁት ከሆነ የማረጋገጫ ኮዱ ሁልጊዜ ወደ እናንተ ስልክ ይመጣል። ሲም ካርዱ ሲዘጋ ገጹም አብሮ ይዘጋል። የቢሮውን ቁጥር አስገቡ፤ ከዚያ እናንተ ወጥታችሁ እነሱ ፊታችሁ ራሳቸው ይግቡ። የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ሰጥቶ መሄድ ብቻውን አይበቃም።

ንብረትና ገንዘብ

ያመጣችሁት ላፕቶፕ፣ መጽሐፍ ወይም የሕክምና መሣሪያ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ መደረጉን አረጋግጡ። ብዙ ለጋሾች ዕቃውን ለርዕሰ መምህሩ በእጅ ሰጥተው፣ ፎቶ ተነሥተው ይሄዳሉ። በሞዴል 19 ያልገባ ዕቃ በመዝገብ ላይ የለም፤ የለም ማለት ደግሞ ለጥገናው በጀት መጠየቅ አይቻልም፣ ኃላፊ ሲቀየር በርክክብ ውስጥ አይታይም፣ ቢጠፋም የሚጠይቅ የለም። ዝርዝሩን ከነመለያ ቁጥሩ በሦስት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱ ለንብረት ክፍል፣ አንዱ ለኃላፊው፣ አንዱ ለእናንተ። ዕቃው ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ደረሰኝ) ለሚጠቀምበት ክፍል እስኪወጣ ድረስ ተከታተሉት፤ አለዚያ ካርቶኑ እንደታሸገ መጋዘን ውስጥ ይከርማል። ከቀረጥ ነፃ የገባ ነገር ካላችሁ ደግሞ ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ጉምሩክ ሄዳችሁ ጠይቁ።

የባንክ ሒሳብ ላይ ፈራሚ ከሆናችሁ ፊርማ ለማስቀየር የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይጠየቃል፤ አዲሱም ፈራሚ በአካል መቅረብ አለበት። ለአራተኛው ሳምንት መድቡት። ከወዳጆች ለሥራው የመጣ ገንዘብ ተርፎ ከሆነ ለፋይናንስ በደረሰኝ ገቢ አድርጉ። ለአንድ ሰው በአደራ መተው ያን ሰው ለሐሜት ማጋለጥ ነው፤ ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን።

ቤትና ሠራተኛ

የቤት ሠራተኛና ጥበቃ ካላችሁ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ንገሯቸው። እንጀራቸው ነውና ከጎረቤት መስማት የለባቸውም። የግል ቤት ሠራተኛን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አይሸፍናትም፤ ቢሆንም የአዋጁን የስንብት ክፍያ ስሌት እንደ መለኪያ መያዝ ተገቢ ነው፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ። ወር 6,000 ብር የምትከፈል ሁለት ዓመት ብትሠራ 8,000 ብር ማለት ነው። ከፍ አድርጎ መስጠት የእናንተ ፈንታ ነው፤ ከዚህ ማሳነስ ግን አይገባም። የሥራ ልምድ ወረቀት ጻፉላት፦ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን ምን እንደምትሠራ፣ የምትችለው ምግብ ሳይቀር። ሌላ ቤት ስትጠይቅ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ይረዳታል።

የቤት ዕቃችሁን የምትሰጡ ከሆነ ዝርዝሩን በሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ማን ምን እንደሚወስድ ስም ጻፉበት፤ የመጀመሪያውን ምርጫ ለሠራተኞቻችሁ ስጡ። ሳይታሰብ የቀረ ፍሪጅ በመጨረሻው ቀን ጎረቤት ያቀያይማል። መብራትና ውኃ ተከፍሎ ደረሰኙ ለአከራይ ይሰጥ። የቴሌብር ቀሪ ሒሳባችሁንም ሲም ካርዱ በእጃችሁ ሳለ ባዶ አድርጉ።

ስንብት

ሦስት ስንብት አለባችሁ፦ የመሥሪያ ቤት፣ የጎረቤትና የእድር፣ የአዛውንትና የታመሙ። ሦስተኛው ነው የሚረሳው። ከቤት የማይወጡ እናትና አባት ዘንድ ራሳችሁ ሄዳችሁ ቡናቸውን ጠጡ፤ ምርቃታቸውን ሳትቀበሉ አትሂዱ። የሀዋሳ ድግስ ማዕድ ደግሞ ሁሉንም ማሰብ አለበት። በሰኔ ጾመ ሐዋርያት ስላለ፣ ረቡዕና ዓርብም ስላለ፣ የጾም ምግብ ለብቻው ይሠራ፤ ለሙስሊም እንግዶች ሥጋው በሙስሊም የታረደ ይሁን፣ ድስቱም ይለይ። የሲዳማን ባህላዊ ምግብ ቡርሳሜን ማቅረብ ከፈለጋችሁ ለሚያውቁበት እናቶች ስጡት፤ በቅቤውና በቆጮው ጥራት ነው የሚበላሸው።

በስንብት ላይ ቃል አትግቡ። እንባና ምርቃት መካከል «ኮምፒውተር እልክላችኋለሁ»፣ «ልጅሽን አስተምራታለሁ» ማለት ቀላል ነው፤ የሰማው ሰው ግን በዚያ ላይ ዓመት ያቅዳል። ልታደርጉት የቆረጣችሁት ነገር ካለ ከስንብቱ ቀን ውጭ፣ ባልና ሚስት ተስማምታችሁ፣ መጠኑንና ጊዜውን ቆርጣችሁ ተናገሩ።

ስጦታ እንደሚመጣላችሁ እወቁ፤ መሶብ፣ ጋቢ፣ ቡና፣ በርበሬ። የአንድ ሻንጣ ልክ 23 ኪሎ መሆኑን ቀድማችሁ ለአንድ ቅርብ ሰው ንገሩ፤ ወሬው ይዳረስና ሰው ቀለል ያለ ነገር ያመጣል። አሮጌ መስቀል፣ ብራና ወይም ሥዕል ከተሰጣችሁ ግን ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከአገር አይወጣም። አዲስ አበባ ወስዳችሁ አስመርምሩት፤ ጊዜ ከሌላችሁ እዚሁ ለሰጠው ሰው በክብር መልሱ።

መንገድና ጤና

ከሀዋሳ አዲስ አበባ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሻሸመኔና በሞጆ የከባድ መኪና መጨናነቅ ስላለ በበረራው ዕለት ጠዋት አትነሡ። ከአንድ ቀን በፊት ሄዳችሁ ቦሌ አካባቢ እደሩ። በአውሮፕላን ብትሄዱም ክረምት ነውና ያንኑ አድርጉ። የዘወትር መድኃኒታችሁና የሐኪም ማዘዣው በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ የደም ግፊት መድኃኒት በትልቁ ሻንጣ ገብቶ ሻንጣው ሲዘገይ ችግሩ ከባድ ነው።

ከደረሳችሁ በኋላም ነገሩ አላለቀም። በእኛ አገር ካሉት የወባ ዓይነቶች አንዱ፣ ቫይቫክስ፣ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሣል። ትኩሳት ከያዛችሁ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ወባ ካለበት አገር መመለሳችሁን ሳትጠየቁ ለሐኪሙ ተናገሩ። ሥሩን የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን ከመሰጠቱ በፊት የጂ6ፒዲ (በደም ውስጥ ያለ ኢንዛይም) ምርመራ እንደሚያስፈልግም አስታውሱ። በሐይቁ ውኃ ውስጥ የገባችሁ ከሆነ ለቢልሃርዝያ (ከውኃ ለሚይዝ የትል በሽታ) ተመርመሩ፤ ግን ወዲያው አይደለም። ትሉ እስኪያድግ ምርመራው «የለም» ሊል ይችላል፤ መድኃኒቱም ፕራዚኳንቴል ያልደረሰውን ትል አይገድልም። ውኃው ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ከገባችሁበት ቀን 8 ሳምንት ቆጥራችሁ ቀጠሮ ያዙ፤ ሁለታችሁም፣ አንዳችሁ ምንም ባይሰማችሁም።