ከታፔላው ጀርባ ያለውን ፒያሳ እንዴት ታያላችሁ?

ፒያሳ ውስጥ ለዓመታት ታፔላ ሰቅያለሁ። ስንት አሮጌ ቤት እንደሸፈንኩ ቆጥሬ አላውቅም። ምክሩ የሸፋኝ ነውና ስሙኝ።

መጀመሪያ መንገዱን ተሻገሩ። ደጃፉ ላይ ቆማችሁ የሚታያችሁ ታፔላው ብቻ ነው። ከማዶ ሆናችሁ ከሱ በላይ ያለውን እዩ። ሥሩ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨትና ጭቃ፣ በረንዳም ካለው፣ የድሮዋ አራዳ ናት፤ የህንድና የአርመን ግንበኞች እጅ ሊኖርበት ይችላል። ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ። ልስኑ ለስላሳ፣ ማዕዘኑም ክብ ከሆነ ከ1928 እስከ 1933 የተሠራ የጣሊያን ቤት ብላችሁ ጠርጥሩ። ጠርጥሩ ነው ያልኩት፤ ከዚያ ወዲህም እንዲያ ተሠርቷል።

ካልታያችሁ ዘበኛውን አስፈቅዳችሁ ወደ ጓሮ ዙሩ። ነጋዴ ብሩን የሚያፈሰው ፊት ለፊት ላይ ነው። የድሮው ደረጃና መስኮት ከኋላ ይተርፋል።

አንዴ አሉኮቦንድ፣ ማለት የፊት ማልበሻውን የአሉሚኒየም ሰሌዳ፣ ስንገጥም ድሪሉ ያለ ድምፅ ስምጥ አለ። ብሎን የሚይዘው ፕላስቲክ፣ ፊሸሩም፣ አልያዘም። የወጣው አቧራ ቀይ ነው፣ ጭድ አለበት። ለካ ጭቃ ቤት ኖሯል! ባለሱቁ «ብረት አስገቡበት» አለን። ብረቱ እንዲቀመጥ የጣሪያውን ጠርዝ እንጨት በመጋዝ ቆረጥን። አበባ ተቀርጾበታል። ቁራጩን ሻይ የምታፈላው ልጅ ለማገዶ ወሰደችው።

በባለሱቁ አልፈርድም። ከነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 መንግሥት የወረሳቸው ናቸው። ተከራይ በረንዳ አድሶ ምን ያገኛል? ታፔላውን ግን ሲለቅ ነቅሎት ይሄዳል።

ቀጥሎ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይበዛ፣ የቆዩ ሰዎችን አናግሩ። «ቤቱ የመቼ ነው?» ካላችሁ መልሱ «የምኒልክ ጊዜ» ነው፣ ሁሌም። «ድሮ እዚህ ምን ይሸጥ ነበር?» በሏቸው። ያኔ ወሬው ይመጣል፦ ማን ላይ ቤት ይኖር እንደነበር፣ በሩ መቼ እንደሰፋ።

ፎቶ ስታነሱ ታፔላውንም አትቁረጡት፣ እሱም ዕድሜ ይናገራል። የተጻፈበት ስልክ ቁጥር ስድስት አሃዝ ከሆነ ቆይቷል ማለት ነው። ፎቶው ላይ ቀኑን ጻፉ። ደግሞ ሰፋ አድርጋችሁ አንሱ።

እኔ ለደንበኛ ላሳይ ያነሳኋቸው ፎቶዎች አሁንም ስልኬ ላይ አሉ። በ2016 የፒያሳ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ አብረው የወረዱ ታፔላዎች ናቸው። ስልክ ቁጥሩ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይነበባል። ከላይ፣ ጥጉ ላይ፣ የበረንዳ ግማሽ አለ።