ፎከሱ አለ፣ ኪቦርዱ የለም፦ የሰርች ሳጥን ችግርና መፍትሄ

ተጠቃሚው የመፈለጊያ ምልክቷን ይነካል። የሰርች ገጹ ይከፈታል። ሳጥኑ ውስጥ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ኪቦርዱ ግን ወፍ የለም። ሳጥኑን በጣቱ ሲነካው ወዲያው ብቅ ይላል። የአንድሮይድ አፕ የሚሠሩ ልጆች በብዛት ይዘውልኝ የሚመጡት ይህንን ነው፤ ሰፋ አድርጌ የምጽፈውም ስለሱ ነው። በጣት ሲነካም ኪቦርዱ የማይመጣ ከሆነ ችግሩ ሌላ ስለሆነ ወደ መጨረሻው እለፉ።

ምክንያቱ

አንድሮይድ ላይ ፎከስ (የሚጻፈው ወዴት እንደሚገባ የሚወስነው ምርጫ) ሁለት ነው። አንዱ የሳጥኑ፣ ሌላው ሳጥኑን የያዘው የስክሪን ክፍል፣ የዊንዶው። «ሪኩዌስት ፎከስ» ስትሉ ሳጥኑ ተመርጧል፣ እሱ ልክ ነው። ኪቦርዱ የሚመጣው ግን ዊንዶው ራሱ ፎከስ ካገኘ በኋላ ነው። ገጹ ሲፈጠር በሚሠራው «ኦን ክሪኤት» ውስጥ ኪቦርዱን አምጣ የሚለውን «ሾው ሶፍት ኢንፑት» ስትጠሩ ዊንዶው ገና አልደረሰም። ሲስተሙ ጥያቄያችሁን ይጥለዋል። ቆይቶ ሊፈጽመው አያስቀምጠውም። ገጹ ለተጠቃሚው ሲቀርብ ወደሚጠራው «ኦን ሪዚዩም» ብታዞሩትም ዋስትና የለውም፤ እሱ ሲጠራም ዊንዶው ፎከስ ላይኖረው ይችላል።

ክፋቱ ዝም ማለቱ ነው። አፑ አይዘጋም፣ ቀይ ኤረር አይመጣም። ትእዛዙ «ፎልስ» ይመልሳል፤ ማንም አያየውም። አዳዲስ ስልኮች ላይ ሎግካትን (የስልኩን የመልእክት መዝገብ) ከፍታችሁ «ኖት ሰርቭድ» የሚል መስመር ፈልጉ። ካገኛችሁት ምክንያቱ ተገኘ።

አታድርጉት

አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ነገር ትእዛዙን 200 ሚሊሰከንድ ማዘግየት ነው። በራሱ ስልክ ይሠራለታል፣ «ተፈታ» ብሎ ይለቀዋል። እባካችሁ ተዉት። አንድ የመድኃኒት ቤት አፕ ላይ ይህን አይቻለሁ። የሠራው ልጅ ስልክ አዲስ ነው። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያለው ግን አሮጌ፣ ሚሞሪው በፎቶ የተጨናነቀ ስልክ ነው። ገጹ ለመከፈት ይንፏቀቃል፣ 200ው ቀድሞ ያልቃል። ልጁ ወደ 500 አሳደገው፣ ከዚያ ወደ 1 ሰከንድ። አሁንም አንዳንዴ ሲቀርበት «ቶግል ሶፍት ኢንፑት» ጨመረበት።

ቶግል ማለት ተዘግቶ ከሆነ ክፈት፣ ተከፍቶ ከሆነ ዝጋ ነው። ፋርማሲስቷ ገጹ እንደተከፈተ ሳጥኑን ነክታ መጻፍ ጀመረች። የመድኃኒቱን ስም ጀምራ «አሞክ» ላይ ስትደርስ ያ የዘገየው ትእዛዝ ደረሰና ኪቦርዱን እጇ ላይ ዘጋባት። ደንበኛው ማዘዣውን ይዞ ፊቷ ቆሟል። እሷ ስልኩ የተበላሸ መስሏት አጥፍታ ታበራው ነበር። ይህ ትእዛዝ ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ አትጠቀሙበት ተብሏል። ኮዳችሁ ውስጥ ካለ ዛሬውኑ አውጡት።

ሌላው ኪቦርዱን በግድ አምጣ የሚለው «ሾው ፎርስድ» ነው። እሱ ደግሞ ኪቦርዱን ካመጣው በኋላ አይለቅም። ተጠቃሚው ከአፑ ወጥቶ ሌላ ሲከፍት ኪቦርዱ ተከትሎት ይሄዳል። እቃ የሚያደርስ ሹፌር ካርታ ሲከፍት ግማሹ በኪቦርድ ተሸፍኖ አይቻለሁ። መንገድ ላይ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ይህም አትጠቀሙበት ተብሏል።

መፍትሄው

ጊዜ አትቁጠሩ፣ ዊንዶውን ጠብቁ። መጀመሪያ ለሳጥኑ ፎከስ ስጡት። ከዚያ «ሃዝ ዊንዶው ፎከስ» ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ካለ በ«ፖስት» (ትእዛዙን ወረፋ በሚያስይዘው) አድርጋችሁ ኪቦርዱን ጥሩ። የለም ካለ የዊንዶው ፎከስ ለውጥ ላይ ሊስነር፣ ማለትም ለውጡን ጠብቆ የሚነግራችሁ ኮድ፣ አስቀምጡ። «ትሩ» ሲመጣ ሊስነሩን አንሱና ያኔ ጥሩት። ሊስነሩን ማንሳት አትርሱ! ከረሳችሁ ተጠቃሚው ኖቲፊኬሽን ሊያይ ከላይ ስቦ ሲመልስ ዊንዶው እንደገና ፎከስ ያገኛል፣ ኪቦርዱም ሳይጠራ ዘሎ ይወጣል። ውጤቱን እያነበበ ያለን ሰው ግማሹን ስክሪን ታሳጡታላችሁ።

የሰርች ገጹ ራሱን የቻለ አክቲቪቲ (ለብቻው የሚከፈት ገጽ) ከሆነ ቀለል ያለ መንገድ አለ። ማኒፌስቱ (የአፑ መግለጫ ፋይል) ላይ «ስቴት ቪዚብል» በሉት። ግን እሱ ብቻውን አይበቃም። ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ፣ በንክኪ በሚሠራ ስልክ ላይ፣ ገጹ ሲከፈት ሲስተሙ ለመጀመሪያው ሳጥን በራሱ ፎከስ አይሰጥም። ፎከሱን እናንተ ካልሰጣችሁ ያ መስመር ምንም አያደርግም።

ሰርቹ ዳያሎግ (ከገጹ በላይ ብቅ የሚል ትንሽ ሳጥን) ውስጥ ከሆነ፦ ዳያሎግ የራሱ ዊንዶው አለው። የአክቲቪቲውን ዊንዶው ጠብቃችሁ ብትጠሩ ለባዶ ነው።

በኮምፖዝ (አዲሱ የአንድሮይድ ገጽ መሥሪያ) ለምትሠሩም ነገሩ ያው ነው። «ሎካል ዊንዶው ኢንፎ» ውስጥ ዊንዶው ፎከስ እንዳለው የሚነግር አለ። እሱ «ትሩ» ሲሆን በ«ላንችድ ኢፌክት» ውስጥ ፎከስ ጠይቁ።

ስትጨርሱ ከምታገኙት ርካሽ ስልክ ላይ ፈትኑት። እባካችሁ በራሳችሁ ስልክ ብቻ አይታችሁ አትልቀቁ፤ ሱቅ ውስጥ የሚሠራው ሰው የናንተን ስልክ አልያዘም።

በጣት ሲነካም ካልመጣ

ሱቅ ውስጥ ከሆነ በቅድሚያ የባርኮድ ማንበቢያውን ጠይቁ። በብሉቱዝ የሚገናኙ ብዙዎቹ ራሳቸውን ለስልኩ እንደ ኪቦርድ ነው የሚያስተዋውቁት። ስልኩም እውነተኛ ኪቦርድ ተገናኝቷል ብሎ የስክሪኑን ይደብቃል። ሴቲንግ ውስጥ «ፊዚካል ኪቦርድ» የሚለው ጋ ገብታችሁ የስክሪን ኪቦርዱ አብሮ እንዲታይ አብሩት። ኮዱን አትንኩ። ኢሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ምናባዊ ስልክ) ላይ ሲያጋጥማችሁም ምክንያቱ የኮምፒውተሩ ኪቦርድ ነው። በአይፎን ሲሙሌተር ኮማንድና ኬን አንድ ላይ ተጫኑ።

አንድ ስልክ ላይ ብቻ ከሆነ ያወረዱትን የአማርኛ ኪቦርድ ወደ ስልኩ የራሱ ቀይሩና ሞክሩ። ከመጣ ችግሩ የወረደው ኪቦርድ ነው፤ አፕዴት ያድርጉት ወይም ሌላ ያውርዱ።

የድረ ገጽ ሰርች በአይፎን ሳፋሪ ላይ ከሆነ፣ ፎከሱን ተጠቃሚው በነካበት ቅጽበት፣ እዚያው ክሊኩ ውስጥ ስጡት። ዳታ እስኪመጣ ጠብቃችሁ ፎከስ ብትሉት ሳፋሪ ኪቦርዱን አያወጣም።