የድሮ ማንዋል ቴሌፎቶ ሌንስ በዲጂታል ካሜራ፦ ከሐረጎ ቁልቁል ኮምቦልቻን ለማንሳት

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባሉት የሐረጎ መታጠፊያዎች ላይ ቆሞ ኮምቦልቻን ቁልቁል ያየ ሰው፣ ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ሌንስ ዓይኑ ያየውን እንደማያመጣለት ያውቃል። የፊልም ዘመን 135 ወይም 200 ሚሊሜትር ቴሌፎቶ (ሩቁን የሚያቀርብ)፣ ፎከሱ በእጅ የሚስተካከል ሌንስ ያመጣዋል፣ ዋጋውም ከአዲሱ በብዙ ያነሰ ነው።

ስትገዙ የስልክ መብራት ከኋላው አብሩና በፊት በኩል እዩ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ተዉት። ትንሽ አቧራ ፎቶ ላይ አይታይም። የአፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ) ቀለበት ስታዞሩ ምላጮቹ ወዲያው መዝጋት አለባቸው፤ ዘይት ከነካቸው ይጎተታሉ።

አዳፕተር (ሌንሱን ከሌላ ዓይነት ካሜራ ጋር የሚያገናኘው ቀለበት) ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከሌንሱ መቀመጫ (ማውንት) እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት በኒኮን ኤፍ 46.5፣ በሚጠመዘዘው ኤም42 45.46፣ በካኖን ኢኤፍ 44 ሚሊሜትር ነው። የኒኮን ሌንስ በ2.5 ሚሊሜትር ቀለበት ካኖን ላይ በደንብ ይሠራል። ኤም42 ኒኮን ላይ ውስጡ ሌንስ በሌለው ባዶ ቀለበት ከታሰረ ግን ሩቁን አይዝም፤ የጦሳ ተራራ እንደደበዘዘ ይቀራል። የካኖን ኤፍዲ ሌንስ ደግሞ 42 ስለሆነ በራሱ በካኖን ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) ላይ ሩቁን አይዝም፤ የስሙ መመሳሰል እንዳያታልላችሁ። ሚረርለስ (መስታወት የሌለው ካሜራ) ያለው ሰው ይህ ሁሉ አያስጨንቀውም፤ የሶኒ ኢ ርቀት 18 ብቻ ነው።

ኤም42 ሌንስ ጎን ላይ ኤ እና ኤም የሚል መቀያየሪያ ካለ ኤም ላይ አድርጉት፤ አለዚያ ቀለበቱን ብታዞሩም አፐርቸሩ አይዘጋም።

ካኖን ዲኤስኤልአር በኤቪ ሞድም (ሹተሩን ካሜራው ይመርጣል) በኤም ሞድም (ሁሉንም እናንተ ትመርጣላችሁ) ይሠራል፤ አፐርቸሩ 00 ቢል አትደንግጡ። ኒኮን ዲ3100ና ዲ5300 የመሳሰሉት ብርሃን ስለማይለኩ በኤም ሞድ እየሞከራችሁ ነው የምታነሱት። ዲ7000 ያለው ሰው ሜኑ ውስጥ ኖን-ሲፒዩ ሌንስ ዳታ ላይ የሌንሱን ሚሊሜትርና ትልቁን አፐርቸር፣ ለምሳሌ 200 እና 4 ብሎ ይሙላ፤ ከ1977 በፊት የተሠራና ያልተስተካከለ ኒኮር (የኒኮን ሌንስ) ግን አይሰካበት፣ ማውንቱን ሊሰብር ይችላል። ሚረርለስ ላይ "ያለ ሌንስ ማንሳት" የሚለውን ክፈቱ። ካሜራው የራሱ ማረጋጊያ ካለው ሌንሱ ላይ የተጻፈውን 200 ስጡት፣ በትንሽ ሴንሰር ማባዣ (በኒኮንና በሶኒ 1.5፣ በካኖን 1.6) አታባዙት።

አሁን ወደ ዋናው። የድሮ ፊልም ካሜራ መመልከቻ መሃሉ ላይ ምስሉን ለሁለት የሚከፍል ፕሪዝም ነበረው፤ የዛሬዎቹ ዲኤስኤልአሮች የላቸውም፣ ስለዚህ በመመልከቻው ማመን አይቻልም። ላይቭ ቪው (ምስሉን በስክሪኑ የሚያሳየውን) አብሩና 10 እጥፍ አጉሉ። አፐርቸሩን ኤፍ 4 ላይ ክፈቱ። ጥርት ያለ ጠርዝ ፈልጉ፦ የሚናሬት ጫፍ ላይ ያለችውን ጨረቃ፣ ወይም የቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ። ቀለበቱን አልፋችሁ ሂዱ፣ ጠርዙ ሲደበዝዝ መልሱት፤ በመሃል ያለችው ቦታ እሷ ናት። ከዚያ የፎከሱን ቀለበት ሳትነኩ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 8 ዝጉ፤ ሁለት ጊዜ ቀጭ ይላል፣ ግማሽ ስቶፕ (የብርሃን ደረጃ) የሚቆጥር ሌንስ ከሆነ አራት። ተራራ ነው ብላችሁ ቀለበቱን እስከ መጨረሻው አትውሰዱት፤ ብዙ ቴሌፎቶ ሌንስ የሩቁን ነጥብ ትንሽ አልፎ ይሄዳል።

ሰው ስታነሱ ጉዳዩ ይጠባል፦ በ200 ሚሊሜትር፣ በኤፍ 4፣ 10 ሜትር ላይ ያለ ሰው ጥርት የሚለው ወደ 38 ሴንቲሜትር ውስጥ ብቻ ነው፤ 5 ሜትር ላይ ከ10 አይበልጥም። ዓይኑ ላይ ያዙ።

ለመንቀጥቀጥ ግን 200ን በሴንሰሩ ማባዣ፣ ለምሳሌ በካኖን 1.6 አባዙ፦ 320። በእጅ ስትይዙ የሹተሩ ፍጥነት ከ1/320 ሰከንድ አይውረድ። በጠራ ፀሐይ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ 1/400 ይበቃል፤ ደሴ ጉም ሲወርድባት ግን አይኤስኦ 800 እና ከዚያ በላይ ሳታመነቱ አድርጉ፤ የተንቀጠቀጠ ፎቶ ከፍ ያለ አይኤስኦ ከሚያመጣው ነጠብጣብ ይብሳል። ትራይፖድ ላይ የሁለት ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ፣ የመሃሉን ዘንግ አታርዝሙ፣ ከአስፋልቱም ራቁ፦ ሲኖትራክ ሲያልፍ መሬቱ ይንቀጠቀጣል።

ሰዓቱም ከሌንሱ አያንስም። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ እኩለ ቀን ላይ ከቆርቆሮው የሚነሳው ሙቅ አየር ይንቀለቀላል፤ ሌንስ ብትቀይሩም ትራይፖድ ብታቆሙም አይስተካከልም። ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል አንሱ።

የድሮ ሌንስ ሽፋን ስስ ስለሆነ ፀሐይ ከጎን ሲመጣ ፎቶው ነጭ ይለብሳል፤ ከጥቁር ካርቶን ኮፍያ ሥሩለት። በክረምት ቆዳ ቦርሳው ውስጥ አታሳድሩት፣ ቆዳው እርጥበት ይይዝና ሻጋታ ያበቅላል። ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከጫማ ካርቶን ከምታገኙት ሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጡት።