ለኢርፎን ዳክ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ የማራኪ ግቢ ተማሪ ጥቁር ትንሽ ሳጥን ይዞ ጎንደር ፒያሳ ወዳለችው የጥገና ሱቄ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ ዳክ ድምፅ አላወጣ አለኝ፣ እስቲ እይልኝ» አለ። ገና ሳልነካው ገባኝ። ዘንድሮ እንዲህ ያለ ሳጥን ሲመጣልኝ ይህ አራተኛው ነው። ልጁ ከኪስ ገንዘቡ እየቀነሰ አጠራቅሞ ነው የገዛው። ሳጥኑ ደግሞ ምንም አልሆነም፣ ደህና ነው። የተሳሳተ ዕቃ ነው የሸጡለት። እውነቱን ለመናገር በጣም ነው የተናደድኩት፣ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እናጥራው። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ዘፈን ቁጥር ነው። በሲዲ ጥራት ከሆነ ለአንዱ ጆሮ ብቻ በሴኮንድ 44,100 ቁጥር። ኢርፎን ቁጥር አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ከፍ ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ ነው። ቁጥሩን ወደዚያ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዳክ ይባላል። ድምፅ የሚያወጣ ስልክ ሁሉ ውስጡ አንድ አለው። ውጭ የሚሸጠውን የምንገዛው ከስልኩ የተሻለ ወይም ስልኩ የጎደለውን ነገር እንዲሰጠን ነው።

የልጁ ሳጥን ግን የቴሌቪዥን ዕቃ ነው። አዲሶቹ ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ ድምፅ የሚያወጡት በኦፕቲካል ገመድ ነው፣ በብርሃን። ቤት ያለው የድሮ ቴፕ ወይም አምፕሊፋየር ደግሞ ቀይና ነጩን ገመድ ብቻ ነው የሚቀበለው። ሳጥኑ ሁለቱን ያገናኛል። ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው፣ ላዩ ላይ የተጻፈው «ዲጂታል ቱ አናሎግ ኮንቨርተር» የሚለውም ውሸት አይደለም። ጣጣው ከጎኑ ያለችው የዩኤስቢ ቀዳዳ ናት። በእሷ የሚገባው 5 ቮልት ኤሌክትሪክ ብቻ ነው፣ ዘፈን አይገባባትም። ስልካችሁን ስትሰኩበት ቀይ መብራት ይበራል። ሠራ ብላችሁ ትደሰታላችሁ። ስልኩ ግን ባትሪውን እየመገበው ነው እንጂ አንድም ድምፅ አልላከለትም። ሻጩም መብራቱን አሳይቶ «ይኸው ይሠራል» ይላል፣ ገዢውም አምኖ ይሄዳል። እባካችሁ፣ መብራት በርቷል ማለት ሠርቷል ማለት አይደለም። ኢርፎናችሁን ሰክታችሁ፣ የራሳችሁን ስልክ አገናኝታችሁ፣ ዘፈን ከፍታችሁ በጆሯችሁ ሳትሰሙ ብር አታውጡ። ሻጩ አላስሞክርም ካለ አመስግኖ መውጣት ነው። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ገዝቶ በአውቶቡስ የሚልክላችሁ ከሆነም እዚያው ሱቅ ቆሞ በራሱ ስልክ ይሞክርላችሁ። 700 ኪሎ ሜትር አቋርጦ የመጣ ዕቃ መመለስ ቀላል አይደለም።

በዚሁ መስመር ሌላም አለ። በዩኤስቢ ድምፅ የሚቀበል፣ ትክክለኛ ዳክ የሆነ፣ ግን መውጫው ቀይና ነጭ ብቻ የሆነ ዕቃ። እሱ ኢርፎን አያነሳም፣ ሌላ አምፕሊፋየር ይፈልጋል። ለኢርፎን የምትገዙት የኢርፎን ቀዳዳ ራሱ ላይ ያለው ይሁን።

ጃክ (ክቡ የኢርፎን ቀዳዳ) የሌለው ስልክ ያላችሁ ደግሞ ታይፕ ሲ ወደ ጃክ የሚቀይረውን አጭር ገመድ ትገዛላችሁ። ሁለት ዓይነት ነው፣ በመልክ መንትያ። አንዱ ውስጥ ትንሽ ዳክ አለ። ሌላው ውስጥ ሽቦ ብቻ ነው ያለው፣ ድምፁን የሚሠራው ስልኩ ነው። ሽቦ ብቻ ያለው በአንዳንድ ስልኮች ይሠራል፣ በብዙዎቹ አይሠራም። ለምሳሌ የሳምሰንግ ኖት 10 ወይም ኤስ 20 የያዘ ሰው ዳክ ያለበትን ነው መግዛት ያለበት። መለያው ቀላል ነው። ታይፕ ሲ ያለው ላፕቶፕ ላይ ሰኩት። ላፕቶፑ አዲስ የድምፅ ዕቃ አገኘሁ ካለ ውስጡ ዳክ አለ። ዝም ካለ ሽቦ ነው። የአፕልን ትንሿን ገመድ ብዙ ሰው በርካሽነቷ ያመሰግናታል፣ ይገባታልም፣ እኔም አንድ አለችኝ። ግን ብዙ አንድሮይድ ስልክ ላይ ድምፅዋ አንሶ ይወጣል። ለአውሮፓ የተሠራችው ደግሞ የምትሰጠው ግማሽ ቮልት ገደማ ነው፣ የአሜሪካዋ 1 ቮልት ነው። ስለዚህ እሷንም በራሳችሁ ስልክ ሞክሯት።

ብሉቱዝ ኢርፎን የምትጠቀሙ ከሆነ ዳክ አትግዙ። ዳኩ ኢርፎኑ ውስጥ ነው ያለው።

ሌላው ስህተት የፋይሉን ጉዳይ መርሳት ነው። አንድ ሰው ጥሩ ዳክ ይገዛል፣ ከዚያ ከቴሌግራም ያወረደውን 128 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ይከፍትበታል። ፋይሉ እንዲያንስ ሲጨመቅ የተጣለውን ድምፅ የትኛውም ዳክ መልሶ አያመጣውም። ያንኑ ፋይል ወደ ፍላክ (ድምፅ ሳይጥል ወደሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት) ቀይሮ «አሁን ጥራቱ ጨመረ» የሚልም አለ። የጨመረው የፋይሉ ክብደት ብቻ ነው። የሚሞሪ ካርዳችሁን ቦታ አታባክኑ። ከሲዲ ወይም ከጥሩ ምንጭ የተቀዳ አንድ አልበም ይኑራችሁ፣ ደጋግማችሁ አድምጡት፣ ዕቃ ስትሞክሩ በእሱ ሞክሩ። እኔ የምሞክረው በማሲንቆ ነው። የጭራው መሳቢያ አቅጣጫ ሲቀይር የምትሰማ ትንሽ ፍትጊያ አለች። እሷ ጥርት ብላ ከተሰማች ቀሪው ደህና ነው።

የምትሰሙትን ነገር ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በዐቢይ ጾም አንድ ደንበኛዬ አዲሱ ዳክ ድምፅ ይሰነጥቅብኛል ብሎ መጣ። ሰክቼ አደመጥኩት። በገና ነው። ያ የሚንዘረዘረው ድምፅ የበገናው የራሱ ነው! በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል፣ አውታሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካ ይንዘረዘራል፣ በገናን በገና የሚያሰኘውም እሱ ነው። በፊት የነበረው ኢርፎን ያንን ስለሚያፍነው ሰውየው ሰምቶት አያውቅም ነበር። ዳኩን ሊመልሰው ነበር እኮ። ቁጭ ብለን ሁለት መዝሙር ሙሉ ሰማን። ደስ ብሎት ሄደ።

ቁጥር አያታልላችሁ። ካርቶኑ ላይ 32 ቢት፣ 768 ኪሎኸርዝ ይላል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወጣል። ቢቱ እያንዳንዱ ቁጥር ምን ያህል ዝርዝር እንደሆነ፣ ኪሎኸርዙ ደግሞ በሴኮንድ ስንት ሺህ ቁጥር እንዳለ ይናገራል። ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ ሲወጣ 16 ቢትና 44.1 ኪሎኸርዝ ነበር። ይህ እስከ 22 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 22 ሺህ ጊዜ እስከሚርገበገበው ቀጭን ድምፅ ድረስ ይይዛል፣ የወጣት ጆሮ ደግሞ 20 ገደማ ላይ ያበቃል። በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከልም 96 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ያህል ልዩነት ይሰጣል፣ ይህም ክፍላችሁ ውስጥ ለምትሰሙት ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ለስቱዲዮ ሥራ ይጠቅማል፣ ለማዳመጥ ግን ገንዘባችሁን ሌላ ቦታ አውሉት። ዳኩ ውስጥ ያለው የቺፕ ስምም እንደዚያው ነው። አንድ ዓይነት ቺፕ ያላቸው ሁለት ዳኮች አንዱ ጥሩ ሌላው መጥፎ ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሪኩ እንዴት ተጣራ፣ ማጉያው እንዴት ተሠራ፣ ወሳኙ እሱ ነው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ላፕቶፔ ላይ ኢርፎን ስሰካ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ነበር። ዘፈኑ ሲቆም ይብስበታል። የላፕቶፑ ዳክ መጥፎ ነው ብዬ ደመደምኩ። ለእኔ ቀላል ያልሆነ ገንዘብ አውጥቼ የዩኤስቢ ዳክ አስመጣሁ። ሰካሁት። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፣ ዝዝዝ። ሌላ ገመድ ቀየርኩ፣ ያው ነው። አንድ ምሽት እያዳመጥኩ መብራት ጠፋ። ክፍሉ ጨለመ፣ ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ፣ ዝዝታውም በዚያችው ቅጽበት ቀጥ አለ። በጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ ማሲንቆውን ለመጀመሪያ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ሰማሁት። ጥፋቱ የቻርጀሩ ነበር። ዋናው ተበላሽቶብኝ በርካሽ የተካሁት ነው። ቻርጀሩ ያልተጣራ ኤሌክትሪክ ለላፕቶፑ ይሰጣል፣ ዳኩም የሚበላው ከላፕቶፑ ስለሆነ ጩኸቱ አብሮ ይገባል። ደህና ቻርጀር ስገዛ ከድሮው ጃክ እንኳ ዝዝታው ጠፋ። ስለዚህ ላፕቶፕ ላይ ዝዝ ካለባችሁ ምንም ሳትገዙ መጀመሪያ ቻርጀሩን ንቀሉት። ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። እኔ ያንን ሳላደርግ ነው ያን ሁሉ ብር ያወጣሁት።

ጉልበትን በተመለከተ በሁለቱም በኩል ይሳሳታሉ። እዚህ በብዛት የምናገኛቸው ኢርፎኖች ከ16 እስከ 32 ኦም (ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋሙ የሚለካበት) ናቸው፣ ስልክ ራሱ በደንብ ያነሳቸዋል። ለእነሱ ትልቅ ጉልበት ያለው ዳክ ከገዛችሁ ድምፁ ገና ከመከፈቱ ይጮኻል፣ ዘፈን በሌለበትም ሽሽሽ ሊል ይችላል። በሌላ በኩል ውጭ አገር ያለ ዘመድ ትልቁን ሄድፎን ይልካል። የባየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ለምሳሌ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሠራል፣ ሦስቱም በቅርጻቸው ይመሳሰላሉ። 250ውን ስልክ ላይ ሰክቶ «ይሄ ዝነኛ ሄድፎን ድምፁ ይህችው ናት?» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እሱ እውነትም ማጉያ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ዳክ ከመምረጣችሁ በፊት ኢርፎናችሁ ላይ ወይም ካርቶኑ ላይ ያለውን ኦም አንብቡ። የዳኩ የራሱ መውጫ ኦም ደግሞ ከኢርፎኑ አንድ ስምንተኛ ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ ለ32 ኦም ኢርፎን ከ4 ኦም በታች ማለት ነው። ከበለጠ አንዳንድ ኢርፎን ላይ የድምፁ ሚዛን ይዛባል። አንዳንድ ዳክ ላይ ያለው 4.4 ሚሊ ሜትር የባላንስድ ቀዳዳ (የሁለቱን ጆሮ ሽቦ ለየብቻ የሚያወጣው) ለትንሽ ኢርፎን አያስፈልግም።

ሁለት ዳክ ስታወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። ይህን የማያደርግ ሰው ሁልጊዜ ከፍ ብሎ የሚጮኸውን ነው የሚመርጠው፣ ጆሮ እንዲህ ነው የተፈጠረው፣ ትንሽ ልዩነት ይበቃዋል። ሻጮችም ያውቁታል፣ ውዱን ከፍ አድርገው ያሰሟችኋል። ጓደኛችሁ ከኋላ ሆኖ እየቀያየረ ይስካላችሁ፣ እናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታዩ ገምቱ። አምስት ጊዜ ገምታችሁ መለየት ካቃታችሁ ርካሹን ግዙ። ጉልበት ያለው ዳክ ከያዛችሁም ጆሯችሁን አስቡለት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤልን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት፣ 90 ዴሲቤልን ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቅደው። ባጃጅ ውስጥ የሞተሩን ድምፅ ለመሸፈን ብለው እስከ ጥግ የሚከፍቱ ልጆች ሳይ ልቤ ይነካል፣ የሞተ ጆሮ አይጠገንም።

ወደ ተማሪው ልመለስ። «ለመሆኑ ዳኩን ለምን ፈለግኸው?» አልኩት። «ጋሼ፣ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ቤዝ የለውም» አለኝ። ኢርፎኑን ተቀብዬ አየሁት። ዋጋው ርካሽ ነው ግን ደህና ኢርፎን ነው። ስልኩም ጃክ አለው። ጆሮው ውስጥ ሲያስገባው ተመለከትኩ፣ የጫፉ ጎማ ትንሽ ስለሆነበት ዳር ዳሩ ክፍት ነው። በዚያ ክፍተት ቤዙ ሁሉ ይወጣል። መሳቢያዬን ከፍቼ ተለቅ ያለ ጎማ አወጣሁና ቀየርኩለት፣ ጆሮውን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ እንዲያስገባውም አሳየሁት። ዘፈን ከፈተ። መጀመሪያ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አላወራኝም።

የጎማውን ሒሳብ አልተቀበልኩትም። ጥቁሩ ሳጥን ደግሞ አዘዞ እነ እናቱ ቤት ሄደ። አዲስ ቴሌቪዥን አላቸው፣ የአባቱ የድሮ አምፕሊፋየርም አለ። ትናንት ደውሎልኝ ነበር፣ ይሠራል።