የተራራ መውጫ ዕቃ ይዞ ከባሕር ዳር ናይሮቢ እንዴት እንደሚበረር

ጮቄን የለመደ ሰው አንድ ቀን የኬንያን ተራራ ማለሙ አይቀርም። ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ ቢሆንም ደህና ጫማና ጋቢ ላለው ሰው አያስቸግርም። ባቲያን የሚባለው የኬንያ ተራራ ጫፍ ግን 5199 ሜትር ነው፤ መጨረሻው አለት ስለሆነ ያለ ገመድ፣ ያለ ሃርነስ (ገመዱ የሚታሰርበት የወገብና የጭን ቀበቶ) እና ያለ ሄልሜት አይሞከርም። ይህን ሁሉ ጭኖ መሄድ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እኔ የምመክረው ሻንጣው ቢዘገይ እንኳ ጉዞው እንዳይቀር አድርጎ ዕቃውን መከፋፈል ነው።

መጀመሪያ ትኬቱ። ከባሕር ዳር እስከ ናይሮቢ አንድ ላይ ቁረጡ። ለየብቻ ከተቆረጠ በመጀመሪያው በረራ የሚታሰብላችሁ የአገር ውስጡ ኪሎ ነው፤ ቦሌ ላይም ሻንጣ ተረክቦ እንደገና ማስመዘን ይመጣል። ትኬቱ ስንት ሻንጣ፣ እያንዳንዱንስ ስንት ኪሎ እንደሚፈቅድ አንብቡ። ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ይፈቅዳሉ፤ ቁመቱ፣ ወርዱና ውፍረቱ ተደምሮ ከ158 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ያስከፍላሉ። አንዱ ሻንጣ ከ32 ኪሎ ከበለጠ ግን ክፈሉም ሳይሉ ይመልሱታል።

ቀጥሎ መለየት። ድንኳን፣ የበረዶ መጥረቢያና ክራምፖን (በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ጥርስ ብረት) ኬንያ ውስጥ መከራየት ይቻላል፤ እግራችሁን የለመደ ጫማ ግን የትም አይከራይም። ስለዚህ ከባዱን ጫማ ተጫምታችሁት ሂዱ፤ ሃርነሱን፣ ጃኬቱንና መድኃኒቱን በእጅ ያዙ። የእጅ ሻንጣ በኢኮኖሚ ብዙውን ጊዜ 7 ኪሎ ነው። 60 ሜትር ገመድ ብቻውን ወደ 4 ኪሎ ስለሚጠጋ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር ይሂድ። ፓወር ባንክ በእጅ ብቻ ነው የሚያዘው፤ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ይፈቀዳል። ሚሊ አምፒር-ሰዓቱን በ3.7 አባዝታችሁ ለ1000 አካፍሉት፤ 20,000 የሚለው 74 ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው በምድጃው ነው። የሚጠመዘዘው የጋዝ ቆርቆሮ ያልተከፈተም ቢሆን፣ ባዶም ቢመስል በእጅም ሆነ በጭነት አይሄድም። ምድጃው ራሱ ይሄዳል፤ ነዳጅ ነክቶት ከሆነ ግን ፍጹም ባዶና ሽታ አልባ መሆን አለበት፤ አየር መንገዱንም አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

በነጭ ጋዝ የሚሠራ ምድጃ ካላችሁ ጠርሙሱን ገልብጡ፣ ቱቦው ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ አንድዱት፣ ከዚያ በፈላ ውኃና በሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡት። ክዳኑን ከፍታችሁ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አቆዩት። ፓምፑን ፈታቱ። አብሮኝ የሚወጣ ጓደኛዬ ጠርሙሱን አሳምሮ አጥቦ ፓምፑን እንዳለ ከረጢት ውስጥ ከተተው። ላስቲኩ ሥር የቀረች አንዲት ጠብታ ሌሊቱን ከረጢቱን ሞልታ አደረች፤ ፈታሹ ገና ዚፑን ሲከፍት አፍንጫውን ያዘ። ምድጃው እዚያው ቀረ። ሲሠራበት የኖረ ሰው ሽታው አይታወቀውም፤ ጎረቤት እንዲያሸተው አድርጋችሁ አረጋግጡ። የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፤ ቆርቆሮ ላይ የሚገጠመውን ትንሿን የምድጃ ራስ ብቻ ይዛችሁ ጋዙን ናይሮቢ ግዙ።

መጥረቢያና ክራምፖን የራሳችሁን ከያዛችሁ ስለታቸውን በብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ጠቅልሉ፤ ብስክሌት በሞላባት ባሕር ዳር የትኛውም ጎሚስታ ጋ ቁራጭ አይጠፋም። ለዚሁ ተብሎ ከሚሸጠው ፕላስቲክ እሱ ይሻላል። ካራቢነሮቹን (ገመድ የሚያያዝባቸውን የብረት ቀለበቶች) በሚያሳይ ላስቲክ አድርጋችሁ ከላይ አስቀምጡ፤ የተከመረ ብረት በመፈተሻ ማሽኑ ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ ማስከፈቱ አይቀርም። ሄልሜቱን በካልሲ ሞልታችሁ መሐል ክተቱት።

የጀርባ ቦርሳ ማንጠልጠያ ማጓጓዣው ላይ ተይዞ ስለሚበጠስ ቦርሳውን በሙሉ ማዳበሪያ ውስጥ ክተቱት። አፉን ግን በወስፌ አትስፉት፤ ፈታሽ ቀዶ ይከፍተዋል፣ መልሶ የሚሰፋው የለም። በሲባጎ፣ በቀላሉ በሚፈታ ቋጠሮ እሰሩትና ስምና ስልክ ጻፉበት።

ዘመድ «አድርስልኝ» የሚላችሁን ቅቤና ማር ከገመድ ጋር አታድርጉ። ቅቤ ቀልጦ የጠጣ ገመድ አሸዋና አቧራ ይይዛል፤ ያ ደግሞ ክሩን ከውስጥ ይበላዋል። በሶ ከሆነ በደስታ ተቀበሉ፤ ተራራ ላይ ስንቅ ነው።

ከቤት ሳትወጡ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ አስመዝኑት። አየር ማረፊያ በጊዜ ድረሱ፤ ሻንጣው ገና በር ላይ ይፈተሻል። መለያው ሲለጠፍ መድረሻው ቦሌ ሳይሆን ናይሮቢ መሆኑን ዓይናችሁ እያየ አረጋግጡ።

ናይሮቢ ስትደርሱ ከአዳራሹ ሳትወጡ ማዳበሪያውን ፈታችሁ እዩ። የተሰበረ ነገር ካለ እዚያው አስመዝግቡ፣ ፎቶ አንሡ፣ ወረቀቱን ያዙ። ኢትዮጵያም ኬንያም በገቡበት በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ለተጎዳ ሻንጣ በ7 ቀን፣ ዘግይቶ ለመጣ ደግሞ ሻንጣውን ካገኛችሁ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለባችሁ።