«ታስረህ ታውቃለህ?» በልጅነት የተከፈተ ፋይልና በአሜሪካ የሥራ ማመልከቻ

በባሕር ዳር አንድ የ16 ዓመት ልጅ ሽምብጥ ወይም ዓባይ ማዶ ተደባድቦ ፖሊስ ጣቢያ ቢያድር፣ ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ለተጎዳው ካሣ ተከፍሎ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲባባሉ ነው። ከጣና ዳር በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ወላጆች ይህንኑ ልማድ ይዘው ይሻገራሉ። እዚያ ግን ልጁ በተያዘበት ዕለት ሽማግሌ የማይዘጋው ፋይል ይከፈታል፤ ፋይሉም ከዓመታት በኋላ ልጁ ሥራ ሲፈልግ ጥያቄ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

በቨርጂኒያ ለዓመታት በአስተርጓሚነት ስሠራ ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ «ታሰረ» የሚለው የራሳችን ቃል ነው። በፖሊስ መያዝንም፣ ጣቢያ ማደርንም፣ ተፈርዶበት ወህኒ መውረድንም በዚህ በአንድ ቃል እንጠራለን። የአሜሪካ ፎርም ግን እነዚህን ለይቶ ይጠይቃል፦ «ተይዘው ያውቃሉ?» ማለት ሌላ፣ «ተከሰው ያውቃሉ?» ማለት ሌላ፣ «በወንጀል ጥፋተኛ ተብሎ ተፈርዶብዎት ያውቃል?» ማለት ደግሞ ሌላ ነው። በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የወጣቶች ፍርድ ቤት በልጅ ላይ የሚሰጠው ውሳኔ በሕግ ቋንቋ እንደ አዋቂ የወንጀል ፍርድ አይቆጠርም። በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ልጅ ጉዳዩ ወደ አዋቂዎች ፍርድ ቤት ተዛውሮ ከተፈረደበት ግን ይህ ከለላ አይኖረውም።

አንድ የባሕር ዳር ሰው ልጁ በ16 ዓመቱ ከሱቅ ዕቃ አንሥቶ ተይዞ፣ የወጣቶች ፍርድ ቤት የማኅበረሰብ አገልግሎት አዝዞበት ነበር። ልጁ 20 ዓመት ሲሞላው በአየር ማረፊያ ሻንጣ ለመጫን ሲያመለክት አባትየው «እውነቱን ጻፍ፣ መዋሸት አያዋጣም» አሉት። ፎርሙ የጠየቀው ጥፋተኛ ተብሎ ስለተፈረደበት ወንጀል ብቻ ቢሆንም፣ ልጁ «አዎ፣ ስርቆት» ብሎ ሞላ፤ ሥራውንም ሳያገኝ ቀረ። አባትየው ሐቀኛ ሰው ነበሩና አልፈርድባቸውም፤ ሆኖም የመለሱት ያልተጠየቁትን ነው። በእርግጥ የወጣቶች ፍርድ ቤትን ውሳኔ በስም ጠቅሰው የሚጠይቁ ፎርሞች አሉ፤ እንደዚያ ያለው ሲያጋጥም «የለም» ማለት ውሸት ሊሆን ስለሚችል፣ ከመፈረም በፊት ፎርሙን ይዞ ጠበቃ ዘንድ መሄድ ይገባል።

«18 ዓመት ሲሞላው ፋይሉ ይጠፋል» የሚለው ወሬ በማኅበረሰባችን ዘንድ የተለመደ ነው፤ ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በቨርጂኒያ ቀላል በሆኑ ጉዳዮች የፍርድ ቤቱ ፋይል የሚወገደው ልጁ 19 ዓመት ሲሞላውና ከመጨረሻው ችሎት 5 ዓመት ሲያልፍ ነው። የመጨረሻው ችሎት በ17 ዓመቱ ከነበረ፣ ፋይሉ ቢያንስ እስከ 22 ዓመቱ ይቆያል ማለት ነው። ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት የሚተላለፍ የትራፊክ ጥፋት ፋይል ልጁ 29 ዓመት እስኪሞላው ይቆያል፤ አዋቂ ቢፈጽመው ፌሎኒ የሚባለው ከባድ ጥፋት ደግሞ በመዝገብ እንደተያዘ ይኖራል። ሌሎች ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ አንዳንዶቹም ባለጉዳዩ ራሱ ካላመለከተ ምንም አይዘጉም።

አሠሪ በግል ኩባንያ በኩል ባክግራውንድ ቼክ (የአመልካቹን የኋላ ታሪክ ማጣራት) ሊያሠራ ሲፈልግ አስቀድሞ የአመልካቹን የጽሑፍ ፈቃድ መቀበል አለበት፤ በተገኘው መረጃ ምክንያት ሊከለክለው ካሰበም፣ ከመከልከሉ በፊት የሪፖርቱን ቅጂ ሊሰጠው የፌዴራል ሕግ ያስገድደዋል። ቅጂውን ያግኙ፤ የሌላ ሰው መዝገብ በስም መመሳሰል ገብቶ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው። የአያታችን ስም እንደ ቤተሰብ ስም በሚቆጠርበት አገር ይህ ሥጋት የእኛን ሰው ይበልጥ ይመለከታል። በአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍ.ቢ.አይ) ዘንድ በአሻራ የተያዘውን የራስን መዝገብ በ18 ዶላር ማስመጣት ይቻላል።

ለሥራ የተሰጠውን መልስ ለዜግነት ማመልከቻ መድገም አይገባም። የዜግነት ፎርሙ በፖሊስ መያዝን ጭምር ይጠይቃል፤ መዝገቡ ቢዘጋም ቢሰረዝም መናገር ግዴታ ነው። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ2000 እ.ኤ.አ. እንደወሰነው የወጣቶች ፍርድ ቤት ውሳኔ ለኢሚግሬሽን እንደ ወንጀል ፍርድ አይቆጠርም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ከጥፋቱ ይልቅ የሚጎዳው መደበቁ ነው። ወታደር ለመሆን የሚያመለክት ወጣትም እንዲሁ የተዘጋውን ጭምር ይጠየቃል።

ብዙ ወላጆች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ኢሚግሬሽን ጉዳዩ እንዴት እንዳለቀ የሚያሳይ፣ በፍርድ ቤቱ የተረጋገጠ ወረቀት ይጠይቃል፤ ፋይሉ ከተወገደ በኋላ ግን ያንን ወረቀት ከየትም ማምጣት አይቻልም። ስለሆነም ጉዳዩ ባለቀ ሰሞን፣ ልጁ ገና ተማሪ ሳለ፣ ፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ዘንድ ሄደው ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይውሰዱና ከግሪን ካርዱና ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር በአንድ ላይ ያስቀምጡት።